ዘይነባ የላከችው ድምፅ አልባ ኦርጋን

ሰሞኑን አንድ ወጣት በካርቶን የታሸገ ዕቃ በብብቱ ሸጉጦ ሱቄ ገባ። ከሚሴ ላይ ራዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ስጠግን ጢሜ የሸበተ ሰው ስለሆንኩ፣ ዕቃው ሳይፈታ ምን እንደሆነ መገመት ልማዴ ነው። ብዙ ጊዜም አልሳሳትም። የዚህኛውን ግን አልገመትኩም። ወጣቱ ሰንበቴ ከተማ ካሉ ጓደኞቹ ጋር የሠርግ ባንድ ማቋቋሙን፣ ዕቃውንም አዲስ አበባ ሄዶ ከሰው እጅ መግዛቱን አወራኝ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ይቺ ኦርጋን ድምፅ የላትም። መብራቷ ይበራል፣ ቁልፎቿ ደህና ናቸው፣ ግን ትንፍሽ አትልም። ሰውየው ሸወደኝ መሰለኝ» አለ።

ካርቶኑን ስገልጥ ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ግን ልቤን ከበደኝ፤ ለምን እንደሆነ ለልጁ አላስረዳሁትም። «አልተሸወድክም። ነገ ከሰዓት በኋላ ና፣ አስጮኽልሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳትና ሥራ ፈትቼ ሳያት ቆየሁ። እንደዚህ ያለች ኦርጋን አንድ ጊዜ እኛም ቤት ገብታ ነበር።

ዘይነባ ታላቅ እህቴ ናት። አባታችን ጨፋ ሸለቆ ላይ ባለችው ቁራሽ መሬት ማሽላና በቆሎ እያመረተ ነው ያሳደገን። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በክረምት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ እንደ መስታወት ተኝቶ ከሚታይበት ዳር ላይ ነበር። ዘይነባ ሠርግ ላይ ስትዘፍን የሰማ ሰው ለራሱ ልጅ ሠርግ ሌላ ዘፋኝ አይፈልግም። እኔ ድቤ እመታላታለሁ። ድምፅ የለኝም፤ አላህ የሰጠኝ እጅ ብቻ ነው። እሷ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ ሰዉም ሁለቱንም ስለሚያውቅ የት ጋ እንደተሻገረች ልብ አይልም።

አንድ ቀን የራሷን ዘፈን፣ ማንም ያልዘፈነውን፣ እናስቀርጻለን እንባባል ነበር። አባታችን ሲሞት ወሬያችን ሁሉ ሌላ ሆነ። ዘይነባም እንደ ብዙዎቹ የሠፈራችን ልጆች ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄደች። መናኸሪያ ስንሸኛት እናቴን አቅፋ፣ «እማ፣ በአላህ አታልቅሺ። ሙሄ ሙዚቃውን ይሥራ፤ እኔ ዘፈኑን ይዤ እመጣለሁ» አለቻት። ሰው ሲሸኝ ብዙ ነገር ይባላል፤ አብዛኛው ሚኒባሱ ከመታጠፉ በፊት ይረሳል። እኔ ግን ይህንን ቃል እንደ መሐላ ያዝኩት።

ከሄደች ከዓመት በላይ ሆኖ፣ ወደ አገሯ በምትመለስ የከሚሴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ አንዲት ኦርጋን ላከችልኝ። ሁለት ክንድ የማትሞላ፣ ቀጭን፣ ጥቁር። ካርቶኑ ላይ ፒያኖ የሚጫወት ሰው ተስሏል፤ ዘይነባም ሥዕሉን አይታ ነው የገዛችው። እናቴ ንፍሮ ቀቅላ ጎረቤት ጠራች። ቤቱ ሞላ። እኔ እንደ ሙሽራ መሀል ተቀምጬ፣ ገመዷን ሰክቼ፣ አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ። ምንም የለም። ሌላውን ተጫንኩ። ምንም። ቀይ መብራቷ ግን ፍጥጥ ብላ ታየኛለች።

አንዱ ጎረቤት «መንገድ ላይ ተመትታ ይሆናል» አለ። ሌላዋ ደግሞ «ያገራችን መብራት አንሷት ነው» አለች። አንድ ሽማግሌ ንፍሯቸውን እያላመጡ፣ «ዓረብ ቤት የዋለች ናት፤ ዝም በይ ተብላ ይሆናል» ብለው ሰዉን ሁሉ አሳቁት። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ማታውኑ ዘይነባ ደውላ «ድምፁ እንዴት ነው?» ስትለኝ፣ «ያምራል» አልኳት። ምን ልበላት?

ነገሩን የፈታልኝ ኮምፒውተር የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ነው። ገልብጦ አያትና፣ «ይቺ ራሷ አትጮኽም፤ ታዛለች እንጂ» አለኝ። ሚዲ ኮንትሮለር ነው የምትባለው። ቁልፏ ሲነካ ከእሷ ጋር በገመድ ለተያያዘ ታብሌት ወይም ኮምፒውተር «ይህን ድምፅ አውጣ» ብላ ታዛለች፤ የሚጮኸው ታዛዡ ነው። እኛ አገር ኦርጋን ማለት ሆዱ ውስጥ ድምፅ ያለው ነገር ነው፤ ይቺ ከዚያ እንደምትለይ ሻጩም ካርቶኑም ለዘይነባ አልነገሯትም።

ያኔ በሰው ሱቅ ተቀጥሬ ነበር የምጠግነው። ባለቤቱ ሳይመለስበት የቀረ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ አንድ ታብሌት ሱቁ ውስጥ ነበረ። በትንሽ አገናኝ ገመድ አያያዝኳቸውና ታብሌቱ ላይ የኦርጋን ፕሮግራም ከፍቼ ተጫንኩ። መጀመሪያ ዝም አለ። ቆይቶ፣ እኔ ተስፋ ቆርጬ እጄን ካነሳሁ በኋላ፣ ድምፁ መጣ። ታብሌቱ ደካማ ስለነበረ ጣቴ ቀድሞ ሲሄድ ድምፁ እያነከሰ ይከተለው ነበር። ቀስ በቀስ ድምፁን ሳልጠብቅ አስቀድሜ መጫወት ለመድኩ። ማሽላው ሲያፈራ ወፍ ልጠብቅ ጨፋ ስወርድ ሁለቱንም በጆንያ ይዤ እሄዳለሁ። ቆጡ ላይ ተቀምጬ ጥንቅሽ እያኘኩ፣ አንዴ ወፎቹ ላይ እየጮኽኩ፣ አንዴ ጭኔ ላይ የድቤ ምት እየሞከርኩ ይመሻል። ከዕድሜዬ ደስ ብሎኝ የኖርኩት ያን ወራት ይመስለኛል።

በኋላ አንድ ፎቶ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሩን ሲጥል ለምኜ ወሰድኩት። እሱ ላይ ድምፁ ማነከሱን ተወ። የተጫወትኩትንም አስቀምጦ መልሶ ያሳየኛል፤ እያንዳንዷ የተነካች ቁልፍ በስክሪኑ ላይ አጭር መስመር ሆና ትቀመጣለች። በኃይል የተመታችው ቀይ፣ በቀስታ የተነካችው ሰማያዊ።

ዘይነባም ዘፈኗን በስልክ በድምፅ መልእክት መላክ ጀመረች። የምታገለግላት አሮጊት ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል፣ ልብስ መተኮሻው ክፍል ገብታ በሩን ትዘጋና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትዘፍናለች። ባቲ በሚባለው ቅኝት ነው፤ ቀስ ያለ፣ የሚጎተት፤

*ቦርከና ሲሞላ መሻገሪያው ጠፍቶ፣*
*ማነው የሚያሻግረኝ…*

እዚህ ላይ ስትደርስ ደወል ይጮኻል። ሁለቴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ። የአሮጊቷ የመጥሪያ ደወል ነው። ዘይነባ በዓረብኛ «ሃዲር፣ ማማ!» ትላለች፤ «እሺ፣ መጣሁ» እንደማለት። ከዚያ የሚሮጥ እግር ይሰማል፣ መልእክቱም ያልቃል። ሌላ ቀን ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ እዚያው ጋ ስትደርስ ደወሉ ይጠራታል። እንዲህ ያለ መልእክት ኮምፒውተሬ ውስጥ ተከማቸ። እኔ ከሥሩ ድቤውንና ክራር የሚመስለውን ድምፅ እየደረደርኩ ሙዚቃውን ሠራሁ። «የሚያሻግረኝ» ካለች በኋላ ለሚመጣው ስንኝ ቦታ ትቼ ምቱን ብቻ ቀጠልኩት። ስትመጣ ትሞላዋለች ብዬ።

ከዚያ መልእክቱ ቆመ። ወራት አለፉ። ስልኳ አይነሳም። እናቴ ከመናኸሪያው ሰው በመጣ ቁጥር እየወጣች ትጠይቃለች። እኔ ሙዚቃው ላይ ቁጭ ብዬ እነካካለሁ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ሳለ፣ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ አወረዳት። በእጇ ካንጠለጠለችው ፌስታል በቀር ምንም አልያዘችም። እናቴ «ዘይኔ ኮ! ዘይኔ ኮ!» እያለች፣ የኔ ዘይኔ ማለቷ ነው፣ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ዘይነባ እናቴን አነሳቻት፣ ልብሷን አራገፈችላት፣ ወደ ቤትም ደግፋ አስገባቻት። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ምን እንደደረሰባት እስከ ዛሬ በሙሉ አላውቅም። ማታ ስንበላ አትቀመጥም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ እኛ እስክንጨርስ ትጠብቃለች። እናቴ «ኮቱ፣ ታኢ» ትላታለች፣ ነይ ተቀመጪ። ትቀመጣለች፤ ውኃ ያነሰ ሲመስላት ትነሳለች። ጥንቅሽ ትወድ ስለነበር እሸት ሲደርስ ከጨፋ እየቆረጥኩ አመጣሁላት። በጥንቃቄ ልጣ፣ ቆራርጣ፣ በሳህን አድርጋ ለእኔና ለእናቴ አቀረበችልን። አንዷን እንኳ ወደ አፏ አላደረገችም። ሳህኑን እያየሁ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ሙዚቃውን አሰማኋት። ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ግን በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ኦርጋኗ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኮምፒውተሩ አይሠራም። እሷ በድን የሆኑትን ቁልፎች በጣቷ ትጫናለች። ከበሩ ቆሜ አየኋት። በመሀል መብራት መጣ፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩላት፤ ድምፁ ሲወጣ ጊዜ እሳት እንደነካው ሰው እጇን ሰበሰበች።

እናቴ ከኋላዬ «ተዋት፣ ድምፁን አጥፋላት» አለችኝ። ስፒከሩን ነቀልኩት። ትንሽ ቆይታ መጫወት ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ ይህ የየቀኑ ሆነ። ከምሳ በኋላ፣ ድሮ ትዘፍንበት በነበረው ሰዓት፣ ትቀመጥና ድምፅ የሌላትን ኦርጋን ትጫወታለች። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የጣቷ ኳኳታ ብቻ ነው። እናቴ ከጎኗ ማሽላ እየለቀመች ጣቶቿን ታያለች፣ አልፎ አልፎም ወደ እኔ ዞራ፣ «ማል ጄቲ?» ትለኛለች፤ ምን ትላለች ማለቷ ነው።

እኔም ማወቅ ፈለግኩ። አፏ የያዘውን ጣቷ ይናገር ይሆናል አልኩ፤ ያቺ የቀረችው ስንኝ ዜማ በጣቷ ትመጣ ይሆናል። ኦርጋኗ ወደ ኮምፒውተሩ የምትልከው ድምፅ አይደለም፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ ነው። ስለዚህ ስፒከሩ ባይኖርም ኮምፒውተሩ ሁሉንም ማስቀመጥ ይችላል። ስክሪኑን አጥፍቼ ፕሮግራሙን ከፍቼ ተውኩት። ዘይነባ የዕለቱን ተጫውታ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ ኤርፎን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከፈትኩት።

ሁለቴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ።

ዝምታ። እንደገና ሁለቴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ። ስክሪኑን ተመለከትኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ነው፤ ሦስት ሦስት እየሆኑ የተሰለፉ ቀያይ መስመሮች፣ ሌላ ምንም። በየመልእክቱ መጨረሻ ስሰማው የኖርኩት ደወል ነው። ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

ኤርፎኑን አውልቄ ቀና ስል እናቴ ፊቴን እያየች ነው። ማሽላው በሰፌዱ ላይ ቀርቷል። «ሙሄ፣ ማል ጄቲ?» አለችኝ።

«ዜማዋን ነው፣ እማ። ያቺን የቦርከናዋን።»

«አልሃምዱሊላህ!» አለች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አባቴ ከሞተ ወዲህ አላየሁም ነበር። በማግሥቱ ዘይነባ ቁልፎቹን ስትጫን እናቴ ሰፌዷን አስቀምጣ ቀስ ብላ ማጨብጨብ ጀመረች፤ የሠርግ ጭብጨባ። የማይሰማውን ዘፈን ልጇ በጣቷ ስትዘፍነው እየሰማች እንደሆነ አምናለች። ዘይነባ ቀና ብላ አላየቻትም። የአንዷ እጅ ደወሉን ይደውላል፣ የሌላዋ እጅ ያጨበጭባል፣ እኔ መሀል ቆሜያለሁ። ከዚያ የበለጠ ከባድ ነገር በሕይወቴ አላየሁም፤ ያየሁም እንደሆነ አላስታውስም። እናቴ እስክታልፍ ድረስ ለጎረቤት ሁሉ «የኔ ልጅ አፏ ዝም ቢል ጣቷ ይዘፍናል» ትል ነበር። ማን ያርማት?

እያንዳንዱን ቀን እያስቀመጥኩ ማየቴን ቀጠልኩ። ጥቅምት ላይ፣ ሸለቆው ቢጫ ሲሆንና ማሽላው ሲታጨድ፣ ቀዩ እየደበዘዘ መጣ። ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ የሳሳ ሰማያዊ። እየዳነች ነው ወይስ እየከሰመች? ከቀለሙ ማወቅ አይቻልም። አንድ ቀን ስከፍተው ስክሪኑ ባዶ ነበር። እጇን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋ ስትቀመጥ አይቻታለሁ፣ አንዱንም ግን አልተጫነችም። የዚያን ዕለት ከሰዓት አንዲት ጥንቅሽ ከግድግዳው አነሳች፣ ላጠች፣ ለራሷ ጎመጠች። ጭማቂው በአገጯ ሲወርድ በእጇ ጀርባ ጠረገችና፣ «ጣፋጭ ነው» አለች። ከመጣች ጀምሮ ሳትጠየቅ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ነበር። እናቴ እልል ብላ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ እኔም ደስ አለኝ። ደወሉ ሲሄድ ዘፈኑንም ይዞት እንደሄደ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ዘይነባ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ሰው ሆነች። ባቲ ላይ ደግ ሰው አገባች። አሁን ልጆች አሏት። ሰኞ ገበያውን ሞልተው ከቆላ የሚወጡትን አፋሮችና ከደጋ የሚመጡትን ነጋዴዎች እኩል ትከራከራለች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣለች። የቤቷ በር ደወል የለውም፤ እንግዳ የመጣ እንደሆነ ቆርቆሮውን በድንጋይ ይመታል። ለልጆቿ እሽሩሩ እንኳ ስታዜም ግን ማንም ሰምቷት አያውቅም።

እኔ ግን ያንን ባዶ ቦታ ይዤ ቀረሁ። ዘፈኑ ሙሉውን እሷ ውስጥ አለ፣ አንድ ቀን ይከፈታል እል ነበር። እናቴ ካለፈች በኋላ ባቲ ልጠይቃት ሄጄ፣ ግቢዋ ውስጥ ሻይ በግመል ወተት ስንጠጣ ደፈርኩ።

«ዘይኔ፣ ያቺ የቦርከናዋ ዘፈንሽ፣ ‹ማነው የሚያሻግረኝ› ካለች በኋላ እንዴት ነበር የምትቀጥለው?»

ያዘነች አትመስልም። «የቀረ የላትም እኮ፣ ሙሄ። እዚያው እየዘፈንኩ ነበር የማወጣት። እዚያ ጋ ስደርስ ትደውላለች። ነገ እጨርሳታለሁ እላለሁ፤ ነገም እዚያው ጋ ትደውላለች» አለች። ከዚያ ብርጭቆዬን ገፋ አደረገችልኝና፣ «ሻይህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘብህ» አለችኝ።

ወጣቱ በቀጠሮው መጣ። ኦርጋኗን ሱቅ ካለኝ ታብሌት ጋር አያያዝኳትና ነገሩን አስረዳሁት። የአሁኖቹ ታብሌቶች አያነክሱም፤ ጣትህ እንደነካ ይጮኻሉ። ልጁ ደስታውን መደበቅ አቅቶት፣ «እስቲ አንድ ነገር ተጫወትልኝ» አለ። እጄ ሳላዘው ወደ ባቲ ቅኝት ሄደ። ሳላውቀው ቃሉንም በአፌ አንጎራጎርኩት። ቦርከና ሲሞላ፣ መሻገሪያው ጠፍቶ፣ ማነው የሚያሻግረኝ። እጄን አነሳሁ።

«ከዚያስ?» አለ።

«እዚህ ላይ ነው የምታበቃው።»

«ኧረ አላለቀችም! ቤት እንኳ አልመታችም እኮ፣ ጋሽ ሙሄ። ግን ታምራለች። የቀረውን እኛ እንሞላትና ለሠርግ ትሆናለች።»

«ይህቺን ተዋት» አልኩት፣ ካሰብኩት በላይ ጠንከር ብዬ። «የሠርግ ዘፈን ሞልቷል።» ልጁ ግራ ገብቶት አመሰገነኝ፣ ኦርጋኗን በካርቶኗ መልሶ ወጣ።

ቦርከና ድልድይ ከተሠራለት ቆይቷል፤ ክረምትም ቢሆን ሰው በባጃጅ ይሻገረዋል። ዘይነባም ተመልሳለች፣ ወልዳለች፣ ትስቃለች፤ አላህ የተመሰገነ ይሁን። ያቺ መተኮሻ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትዘፍነው ልጅ ግን አልተመለሰችም። እስከ ዛሬ ከማዶ ቆማ የሚያሻግራትን ትጠራለች፤ እኔም የቻልኩት ዜማዋን እስከ ወንዙ ዳር ማድረስ ብቻ ነው።